ዝገት የበላው የኋላ ፍሬን ላሜራ፦ የጓሮ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

ከኤረር ስመለስ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ጠጠር መሰለኝ። አስፋልቱ ላይ ስወጣ መስኮት ከፍቼ አዳመጥኩ። ከግራ የኋላ ጎማ በኩል «ክርርር፣ ክርርር» ይላል። ፍሬን ብይዝም ባልይዝም ያው ነው። ስጠመዝዝ ይብሳል። ሳቢያን እስክደርስ የመንገድ ልጆች ዞር ብለው እያዩኝ፣ ባጃጆች እንኳ መንገድ እየለቀቁልኝ ገባሁ። ድሬ ዳዋ ላይ ባጃጅ መንገድ ከለቀቀልህ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

መኪናዋ ላንድክሩዘር 80 ናት። 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት። ከአጎቴ ነው የወረስኳት። ሞተሯ እኔን ይቀብራል። ጣጣዋ ሁሌም ከሥር ነው።

ግቢያችን ያለችው ኒም ጥላ ሥር አቆምኳት። የፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረግሁ፣ በክሪክ አነሳሁ፣ ከሥሯ መቆሚያ አስገባሁ። ጎማውን አውጥቼ ዲስኩን በእጄ ሳዞረው ድምፁ መጣ። ከዲስኩ ጀርባ ያለው የአቧራ መከላከያ ላሜራ ታጥፎ ዲስኩን እየላሰ ነው። በጣቴ ገፋ ላደርገው ስሞክር ጫፉ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ቁራጩ እጄ ላይ ቀረ።

ይህን ላሜራ እስኪጮህ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። መሀሉ ላይ ወፍራም ሳህን አለ፤ እሱ በብሎን ከአክስሉ ቤት ጫፍ ጋር ይታሰራል። ዙሪያውን ደግሞ ስስ ላሜራ ከዲስኩ ጀርባ ተዘርግቶ አሸዋና ጭቃ ይከላከላል። የእኔ መሀሉ ደህና ነው። ዙሪያው ግን ወንፊት ሆኗል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ይህንኑ ድምፅ «አስተካክለንልሃል» ብሎኝ ነበር። ያደረጉት አሁን ገባኝ። ካቻቢቴ ሰክተው ላሜራውን ወደ ኋላ አጥፈውታል። የታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ዝገቱም በዚያው ገባ።

እሑድ፣ መስከረም 26

«ድሬ ላይ ደግሞ ምን ዝገት አለ?» ያለኝ ሰው በዝቷል። እውነት ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። የኛ ሰፈር ቆርቆሮ ዕድሜው ረጅም ነው። ይህቺ መኪና ግን ዕድሜዋን ሙሉ ድሬ አልተቀመጠችም። አጎቴ ጅቡቲ ይመላለስባት ነበር፤ አፍዴራም ጨው ሜዳ ላይ ነድቷታል። ጨው ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናው ደረቅ መስሎህ ሳለ ላሜራው ኪስ ውስጥ ያለው ጭቃ ግን ሌሊት ይረጥባል፣ ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ይረጥባል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ይሄዳል፤ ሲያብጥ ይላጣል፣ ሲላጥ ከሥሩ አዲስ ብረት ይጋለጣል።

ከጨው አገር የተመለሰ ሰው መጀመሪያ ሥሯን በንጹሕ ውሃ ይጠብ። ከላይ ጋቢናዋን አጥቦ ማብለጭለጭ ለፎቶ ነው።

ዛሬ ምክር ሰበሰብኩ። ጓደኛዬ «ቆርጠህ ጣለው አቦ! ማን ያየዋል?» አለኝ። ጋራዥ ያለው የሰፈራችን ልጅም እንደዚያው፤ ግማሹ የድሬ ላንድክሩዘር ያለሱ ነው የሚሄደው ይላል። ጎረቤቴ ጋሼ ግን ሌላ አሉ። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ላይ ነው። ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ መጥተው ከሥሯ ጎንበስ አሉና «የእጅ ፍሬንህ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።

ነጥቡ እሱ ነው። በዚህች መኪና የኋላ ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ሁለት ነው። የእግሩ ፍሬን ዲስኩን በፓድ ይጨብጣል። የእጁ ፍሬን ግን ዲስኩ መሀል ባለው ቆብ ውስጥ ነው፤ እዚያ ትንሽ ታምቡር አለ፣ ሸራ የሚባሉ ሁለት ቅስት መያዣዎች ከውስጥ ይገፉታል። ላሜራው ሲነሳ አሸዋው ወደዚያ ታምቡር ይቀርባል። ከዚያ ሸራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ምናልባት ግድ የለውም። በበጋ የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ የሚያቋርጥ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

«አትጣለው። አሠራው» አሉ ጋሼ። አሠራው ሲሉ «እኔ አለሁ» ማለታቸው ነው።

ቀነ ገደብም አለኝ። እማዬን ለቁልቢ ገብርኤል አደርሳታለሁ ብያለሁ። ታኅሣሥ 19። ጊዜ አለኝ መስሎኛል።

ረቡዕ፣ መስከረም 29

ዕቃ ፍለጋ የድሬው ታይዋን ገበያ ገባሁ። ፓድ አለ፣ ሸራ አለ፣ ኩሽኔታ አለ። ላሜራ የሚባል ግን የለም። አንዱ ሻጭ ከውጭ አስመጣልሃለሁ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። ለላሜራ! ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ፓራኦሊዮና ጓርኒሲዮን ብቻ ገዝቼ ባጊያ በልቼ ተመለስኩ።

ከሰኞ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ብሎኖቹ ላይ ናፍጣ በብሩሽ እቀባለሁ። ዲስክና ፓድ ላይ እንዳይነካ በፌስታል ሸፍኛለሁ። የሚረጨው ዘይት ይሻላል፣ ግን ናፍጣም ጊዜ ከሰጡት ይሠራል። ሌላ ሥራ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ዋናው ቀን። በ12 ሰዓት ተኩል ጀመርን። ድሬ ላይ ከ5 ሰዓት በኋላ ብረት አይጨበጥም፤ ከሰዓት ደግሞ በርጫ ነው፣ መፍቻ የሚያቀብል ሰው አታገኝም።

ከመፍታታችን በፊት ሁሉንም በውሃ አረጠብነው። የፍሬን አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋም፤ አሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ጋራዥ ውስጥ በአፋቸው እፍ የሚሉ ልጆች አይቼ አውቃለሁ። ውሃ በትንሽ ሳሙና፣ በአሮጌ ብሩሽ። በቃ።

ፓዶቹን የሚይዘውን ካሊፐር ፈታን። ቱቦውን አልነካነውም፣ ስለዚህ ፍሬን ዘይት አልፈሰሰም፣ አየርም አልገባም። ግን ካሊፐሩን በጎማ ቱቦው አንጠልጥሎ መተው ነውር ነው፤ ቱቦው ከውስጥ ይቆረጣል። በሽቦ ከሞላው ጋር አሰርኩት።

ዲስኩ እምቢ አለ። እንደዚህ ያሉ ዲስኮች ላይ 2 ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊ ብሎን በሁለቱም አስገብተህ ተራ በተራ ስታጠብቅ ዲስኩን ገፍቶ ያወጣዋል። አጠበቅሁ። ትንሽ ተነሳና ቆመ። እንደገና አጠበቅሁ። ጋሼ በፕላስቲክ ወንበራቸው ተቀምጠው ያዩኛል፣ አይናገሩም። ላብ በላብ ከሆንኩ በኋላ ነው «ሸራውን ላላ አርገህለታል?» ያሉት።

አላደረግሁም! ታምቡሩ ዳር ላይ ዓመታት የሠሩት ጠርዝ አለ፤ ሸራዎቹ እሱ ላይ ተይዘው ዲስኩን አላስወጣ ብለውታል። በዲስኩ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ ጥርሳሟን ማስተካከያ ወደ ኋላ አዞርኳት። ዲስኩ እጄ ላይ ወደቀ። ይህን ከመጀመሪያው ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «ብነግርህ ትረሳዋለህ» አሉ።

ከዚያ አክስሉ። በዚህች መኪና አክስሉ ክብደት አይሸከምም፤ የሚሸከሙት ከውጭ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ስለዚህ ዘንጉን ብቻውን መዝዞ ማውጣት ይቻላል። ፕራዶ ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታው ራሱ ዘንጉ ላይ በፕሬስ የገባ ነው፤ ላሜራውን ለመቀየር ፕሬስ ያለው ቤት መሄድ ነበረብኝ። እኔ የምፈታው 6 ዳዶ ነው። ዳዶዎቹ ወጡ። ሥራው ግን ዳዶው አይደለም፣ ከሥሩ ያሉት ሾጣጣ ቀለበቶች ናቸው። ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተጣብቀው ይቀራሉ። በካቻቢቴ መፈልፈል አይሆንም። የናስ መዶሻ ወስደህ ፍላንጃውን፣ የዘንጉን ሰፊ ጫፍ፣ ከጎኑ ትመታለህ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ምንም። ከዚያ ድንገት «ጭው» ብሎ አንዱ ዘሎ ወጣና ኒሟ ሥር ጠፋ። የጋሼ የልጅ ልጅ ፈልጎ አመጣው፤ አምስቱንም ለመልቀም አጠገቤ ተተክሎ ዋለ።

በግራ በኩል ከፍ አድርገን ስላቆምናት የዲፈረንሻሉ ዘይት ብዙም አልፈሰሰም። ቢሆንም ሳፋ ከሥር አድርጌያለሁ። ለሞዞው፣ ጎማው ለሚታሰርበት መሀል፣ ዳዶ ልዩ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ከጋራዡ ልጅ ተዋስኩ። ኩሽኔታዎቹን በየተራቸው ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው፣ የትኛው ውስጥ የትኛው ውጭ እንደሆነ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሳህኑን የያዙት ብሎኖች አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው፣ ከታች ያለው፣ ጭቃው የሚተኛበት፣ ትንሽ ዞረ። ደስ አለኝ። ደግሜ ሳዞረው በጣም ቀለለኝ። ያን ቅለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ብሎኑ አልተፈታም፤ አንገቱ ተቆርጦ ነው። ግማሹ አክስሉ ቤት ውስጥ ቀረ። ሆዴ ባር ባር አለ። 5 ሰዓት ሆኗል። ሁሉን በጨርቅ ሸፍነን ገባን።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከቅዳሴ መልስ። የተቆረጠው ብሎን ትንሽ ጫፍ ብቅ ብሎ ቀርቶታል፤ ዕድለኛ ነኝ። በትራፓኖ ልቦርቡረው አስቤ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ፤ ብሎኑ ከአክስሉ ቤት ይጠነክራል፣ መርፌው ይሸሽና ቤቱን ታበላሻለህ አሉ።

ብየዳ ጠራን። ልጁ የጠንካራ ብረት ዳዶ ጫፉ ላይ አስቀምጦ መሀሉን በብየዳ ሞላው። ብየዳው ያያይዘዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ዝገቱን ይሰብረዋል። ከዚያ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታሁ፣ የብየዳውን መመለሻ ገመድ፣ ማሳውን፣ እዚያው አክስሉ ላይ አሰርን። ማሳውን ራቅ አድርገህ ብታስር መብራቱ በኩሽኔታ በኩል አልፎ ይሄድና ይበላዋል።

የመጀመሪያው ዳዶ ተላቀቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ልጁ እንዲቀዘቅዝ አልጠበቀም፤ ገና ቀይ ከመሆኑ ወረድ እንዳለ መፍቻ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ አለው። ጮኸ። ወጣ። ልጁ ለሥራው የሚገባውን ጠየቀ፣ እኔ ጨመርኩለት። ሻይ በወተት ጠጣን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ላሜራ። ከፊራ ገበያ አጠገብ ከበርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው አለ። በርሜሎቹ እሱ ጋ ተቀደው፣ ታጥበው፣ ተዘርግተው ነው ያሉት። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ነዳጅ የነበረበትን ዝግ በርሜል በግራይንደር የሚነካ ሰው ነፍሱን ጠልቷል።

ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ቶሎ አይዝግም፣ እውነት ነው። ግን ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰውን ያሳምማል፤ ማታ ትኩሳትና ብርድ ይዞህ ታድራለህ። የእኔ ሰው ወተት ይጠጣበታል እንጂ አይተወውም። የቤቴ ቆርቆሮ ደግሞ ስስ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የበርሜሉ ላሜራ 1 ሚሊ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ልክ ነው።

መለኪያ ለማውጣት የግራው ላሜራ ዱቄት ስለሆነ የቀኙን ጎማ አውጥቼ በእሱ ላይ ካርቶን አስደግፌ ቅርጹን ሳልኩ። የቀኙም ከሥሩ ተበልቷል፣ ግን ቅርጹ አለ። ካርቶኑን ወሰድኩ። ሰውዬው ቆረጠ፣ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ከንፈር አወጣለት፣ በጣም ያምራል። ከንፈሩ ላሜራውን ያጠነክረዋል፣ አሸዋም እንዳይዞር ያግዳል።

ቤት አምጥቼ ስገጥመው ከንፈሩ ወደ ውጭ ነው።

ለካ ግራና ቀኝ የመስታወት መልክ ናቸው! ጠፍጣፋ ሳለ መገልበጥ ይቻል ነበር፤ ከንፈር ካወጣ በኋላ አይገለበጥም። ካርቶኑ ላይ «ውጭ» ብዬ አንዲት ቃል ብጽፍ ኖሮ! ለጋሼ ሳሳያቸው ሳቁ፣ እስኪያስሉ ሳቁ። ከዚያ ላሜራውን ይዘው ዞረው ቀኝ ጎማ ላይ ለኩት። ልክክ።

የቀኙም መቀየሩ አይቀርም ነበር። የተሳሳተው ቀኝ ሆነ፣ ሰውዬው ሰኞ ግራውን ሠራ። ዋጋ ግን ሁለቴ ነው የከፈልኩት ብዬ እንዳላማርር፣ ሁለት ላሜራ ነው ያገኘሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የድሮው ሳህን መሀል ደህና ነው ብያለሁ። ዙሪያውን በግራይንደር ቆረጥኩለት፣ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ እስከ ነጭ ብረት ድረስ ፋቅሁ። አዲሱን ቀለበት በላዩ ላይ ደርቤ በብረት ሪቬት መታሁት። ብየዳ ላሜራውን በሙቀት ያጣምመዋል። የአልሙኒየም ሪቬት ደግሞ ከብረት ጋር ጨዋማ እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ ብረት፣ በየአራት ጣቱ አንድ።

አንድ የራሴ ነገር ጨመርኩ። ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። ሙሉ ለሙሉ የተዘጋ ላሜራ አሸዋ እንዳይገባ ቢከለክልም የገባው ጠጠር እንዳይወጣም ይከለክላል። ጋሼ አልተስማሙም፤ ፋብሪካው ካንተ ያውቃል አሉ። ፋብሪካው ደቻቱን አያውቅም አልኳቸው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ያ አሸዋ ምን ይዞ እንደሚወርድ ያውቃል። ዝም አሉኝ። መስማማታቸው ይሁን መተዋቸው አልገባኝም።

ቀለም፦ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ላዩ ላይ ሙቀት የሚችል ጥቁር። ሳህኑ ከአክስሉ ቤት ጋር የሚገጥምበትን ፊት አልቀባሁም። እዚያ ቀለም ካለ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ብሎኑም ይላላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

መመለስ። ከመፍታት ይቀላል፣ ለዚህ ብዙ አልጽፍም። አዲስ ፓራኦሊዮ፣ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው አዲስ ግሪስ በመዳፍ ተጨምቆ። የሞዞውን ዳዶ አጥብቆ፣ ሞዞውን አዙሮ አዙሮ፣ ላላ አድርጎ እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ሲወዘወዝ ጨዋታ የሌለው፣ ሲዞር የማይከብድ እስኪሆን። የብሎኖቹ ጥርስ ላይ ትንሽ ግሪስ ቀባሁ፤ ለሚቀጥለው ሰው፣ እሱም እኔው ነኝ። ዲፈረንሻሉን በ90 ቁጥር ዘይት ሞላሁ።

የእጅ ፍሬኑን ሸራ ማስተካከል እንዲህ ነው፦ በዲስኩ ቀዳዳ ጥርሳሟን ዲስኩ እስኪቆለፍ ማጥበቅ፣ ከዚያ 8 ጥርስ ወደ ኋላ። ቆጠርኩ። ዲስኩ በነጻ ዞረ። ዝም ብሎ። ክርርር የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሙከራ፣ ደንገጎ። ከድሬ ተነስቶ ያንን ዳገት ወጥቶ መውረድ ለፍሬን ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ሐረር ደርሼ ተመለስኩ፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ፣ አንዳንዴ ሆን ብዬ ፍሬን እየያዝኩ። ድሬ ስገባ ቆሜ እጄን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋሁ፤ መንካት አይደለም፣ ማስጠጋት። ግራው ከቀኙ ይግላል።

ቤት ገብቼ ሲቀዘቅዝ አየሁት። ላሜራው ንጹሕ ነው፣ አይነካም። ጥፋቱ የሸራው ነበር፤ ትንሽ ይልስ ነበር። 8ቱን ስቆጥር የጋሼ የልጅ ልጅ አብሮኝ ይቆጥር ነበርና አንዱ ላይ ተጋጭተን ይሆናል። 2 ጥርስ መለስኩ። እሑድ ደገምኩት፣ ሁለቱም እኩል ሆኑ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ቀኙ። ግራው ሦስት ሳምንት ወሰደ፣ ቀኙ ግማሽ ቀን። መጀመሪያ ሸራውን አላላሁ፤ ጋሼ ከወንበራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም ብሎን አልተቆረጠም። በ4 ሰዓት እጄን እየታጠብኩ ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ቁልቢ ሄደን መጣን። እማዬ ከፊት፣ ሦስት አክስቶቼ ከኋላ፣ ድስቱ ከኋላ ኋላ። ከደንገጎ ወደ ቀኝ ከዞርን በኋላ መኪናው ጥቅጥቅ ነው፤ ዳገት ላይ ቆመህ፣ ሄደህ፣ ቆመህ። የእጅ ፍሬኑ ያዘ። እማዬ ዛሬ መኪናህ ዝም አለች፣ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። ደህና ናት አልኳት።

ስንመለስ የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ሆን ብዬ ሁለቴ አቋረጥኩት። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አውጥቼ አየሁ። ግራው ላይ ከንፈሩ ሥር ትንሽ ደቃቅ አሸዋ፣ ሌላ ምንም። ቀኙ ላይ ክፍተቱ አፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰክታለች፤ ልትወጣ ፈልጋ መንገዱ ጠቧታል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። አዩ፣ ምንም አላሉም፣ ሞረድ አቀበሉኝ።

ክፍተቱን በግማሽ ጣት አሰፋሁ፣ የተጋለጠውን ጠርዝ ቀለም ቀባሁ። እስኪደርቅ ቁርስ በላን።